ቀለም የሚቀያይር ጌጠኛ መብራት በቤት ለመሥራት የትኛው ኤልኢዲ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገብቶ «ቀለም የሚቀያይር ኤልኢዲ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ባንኮኒው ላይ አራት አምስት ዓይነት ዕቃ ይደረደርለታል። ሪሞት ያለው አምፖል፣ በጥቅል የመጣ የ12 ቮልት ስትሪፕ (ኤልኢዲዎች የተደረደሩበት ጥብጣብ)፣ ጫፉ ላይ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው አጭር ስትሪፕ፣ ሦስት ሽቦ ብቻ ያለው ሌላ ስትሪፕ፣ አንዳንዴም በፌስታል የታሰሩ ጥቃቅን ባለሁለት እግር ኤልኢዲዎች ይቀርቡለታል። ሁሉም ሲበሩ ያምራሉ፤ ሻጩም «ያው ናቸው፣ ልዩነታቸው የዋጋ ነው» ይላል። ልዩነታቸው ግን የዋጋ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ከስልክ ቻርጀር ሲሠራ ሌላው 220 ቮልት ይፈልጋል፤ አንዱ መቀስ ብቻ ሲበቃው ሌላው የብየዳ ካውያና ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በስፌት፣ በቅል፣ በጠርሙስ ወይም በሱፍ ሽፋን የራሱን ጌጠኛ መብራት ለመሥራት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚሠራውን እንዲያውቅ ነው።

እኔ ራሴ ይህን ልዩነት የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያው መብራቴ ዕድሜ አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም፤ የ5 ቮልቱን ስትሪፕ ቤት ውስጥ ባገኘሁት የ12 ቮልት አዳፕተር ላይ ሰካሁት፣ አንዴ ነጭ ሆኖ ቦግ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ብቻ ቀረኝ። የሁለቱም መሰኪያ ቅርጽ አንድ ዓይነት ስለነበር ጽሑፉን ለማንበብ አልተጨነቅሁም ነበር።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ በፊት የሚመጣው የኃይል ምንጩ ነው። ከደረቅ ሣር የተሰፋ ሙዳይ ወይም ከወረቀት የተሠራ ሽፋን ውስጥ 220 ቮልት ማስገባትና 5 ቮልት ማስገባት እኩል አይደሉም። በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ መብራት ሽቦው ቢላጥ እጅ አይመታም፤ ሆኖም አምፔሩ ከፍ ካለና ሽቦው ከቀጠነ ሊሞቅ ስለሚችል ፈጽሞ አያሰጋም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መብራት ሲሄድና ሲመለስ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ኃይል ሲመለስ አንዳንዱ መቆጣጠሪያ የመጨረሻውን ቀለም አስታውሶ ይበራል፣ አንዳንዱ ወደ መጀመሪያው ቀይ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሪሞት እስኪነካ ድረስ ጠፍቶ ይቆያል። ሌሊት ሁሉ በሰላም ሲበራ የነበረ የመኝታ ቤት መብራት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኃይል ሲመለስ ብልጭ ድርግም እያለ ቤተሰቡን ቢቀሰቅስ ጌጥነቱ ያበቃል።

የቦታው አየር ሁኔታም መመዘኛ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ደግሞ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። ጣርማበርን ወርደን በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት በጥቂት ሰዓት እንሸጋገራለን። ኤልኢዲ ራሱ ብርድን ይወዳል፣ ሲቀዘቅዝ ዕድሜው ይረዝማል። ብርዱ የሚጎዳው ባትሪውን ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላትም ይጎዳዋል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በረንዳ ላይ የተተወ ፓወር ባንክ ጠዋት ሲያንስ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ጉም በሚበዛበት አካባቢ የስትሪፑ መዳብ እርጥበት ይዞ ስለሚዝግ በሲልኮን የተለበጠውን፣ አይፒ65 (IP65፣ አቧራና የውኃ ርጭት የሚችል ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበትን መምረጥ ይገባል። በቆላው በኩል ደግሞ ችግሩ የሚገለበጥ ሲሆን፣ የስትሪፑ ጀርባ ሙጫ በሙቀት እየለሰለሰ ይላቀቃል፣ ኤልኢዲውም ራሱ ማናፈሻ ከሌለው ቶሎ ይደበዝዛል።

የቀረው መመዘኛ የሥራው ክብደትና የቀለሙ አመራር ነው፦ መብራቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ይሆናል ወይስ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ቀለም ትይዛለች? ቀለሙ ከቀይ ወደ ሰማያዊ የሚሻገረው ቀስ ብሎ ነው ወይስ እየዘለለ?

ሆን ብዬ ከመመዘኛ ያወጣሁት የቀለም ብዛት ነው። በካርቶኑ ላይ «16 ሚሊዮን ቀለም» የሚለው ቁጥር ከስሌት የመጣ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው 256 የብርሃን ደረጃ ካላቸው፣ ሦስቱ ሲባዙ 16,777,216 ይሆናሉ። ከዚያው ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ባለ24 ቁልፍ ሪሞት ግን ነጩን ጨምሮ 16 የቀለም ቁልፎች ብቻ አሉት። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ድብልቅ የተቻለው ሰማያዊው ኤልኢዲ በመፈጠሩ ነው። ቀዩ በ1962 እ.ኤ.አ. ታይቶ የነበረ ቢሆንም፣ ብሩህ ሰማያዊ የተገኘው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በጃፓን ሲሆን፣ ሦስቱ ተመራማሪዎች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ባለሪሞት አምፖል

ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው። በተለመደው ፖርታላምፓዳ ላይ ይጠመዘዛል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ «መሥራት» የሚባለው ሽፋኑን ማዘጋጀት ብቻ ይሆናል። ድክመቱ 220 ቮልቱ እስከ ሽፋኑ ውስጥ መግባቱ ነው። በአምፖሉ አንገት ውስጥ ያለው የኃይል መቀየሪያ ይሞቃል፤ አየር በማይገባበት ቅል ውስጥ ከተዘጋ ቶሎ ይበላሻል። በስልክ መተግበሪያና በዋይፋይ የሚታዘዙት ዓይነቶች ደግሞ ብዙዎቹ ትእዛዛቸውን የሚቀበሉት በኢንተርኔት በኩል ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ከግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ውጭ ምንም አይሰማቸውም። አምፖሉ የሚመረጥ ከሆነ ሽፋኑ ከሸክላ ወይም ከመስታወት ይሁን፤ ከላይና ከታችም አየር ማስገቢያ ይኑረው።

የ12 ቮልት ስትሪፕ

በገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ሲሆን፣ አራት ሽቦ አለው፦ አንዱ የ12 ቮልት፣ ሦስቱ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። በሜትር 60 ኤልኢዲ ያለው የተለመደው ዓይነት ሙሉ ነጭ ሲበራ በሜትር 14.4 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከዚህ ተነሥቶ አዳፕተሩን መምረጥ ቀላል ነው። ለአንድ ሜትር 1.2 አምፔር ስለሚያስፈልግ ባለ2 አምፔር ይበቃል፤ ለሁለት ሜትር 2.4 ስለሚሆን ባለ3 ይወሰዳል። አምስት ሜትሩን በሙሉ ለማብራት ግን 6 አምፔር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከጥቅሉ ጋር የመጣው አዳፕተር ላይ የተጻፈው ከዚያ በታች ከሆነ መጨረሻው ደብዝዞ፣ አዳፕተሩም ሲግል ይታያል። ለአንድ የጠረጴዛ መብራት አንድ ሜትር ከበቂ በላይ ስለሆነ አምስት ሜትሩን ሙሉ ጥቅል የገዛ ሰው ቢያንስ የአምስት መብራት ዕቃ ገዝቷል ማለት ነው፤ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት ያዋጣል።

ስትሪፑ የሚቆረጠው በየሦስት ኤልኢዲው የመቀስ ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ከምልክቱ ውጭ የተቆረጠ እንደሆነ የተቆራረጡት ሦስቱ አይበሩም። ጥቅሉን ሳይፈቱ ለረጅም ሰዓት ማብራትም ስሕተት ነው፤ ሙቀቱ እርስ በርሱ ተቃቅፎ ሙጫውንና ሽፋኑን ያለሰልሳል። ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ስትሪፑን በቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ ዙሪያ ጠምዝዞ ቱቦውን በሽፋኑ መሐል ማቆም ነው፤ ብረቱ ሙቀቱን ይስባል፣ ብርሃኑም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይወጣል። ሙጫው ደግሞ በአቧራማ ወይም በቀዝቃዛ ገጽ ላይ አይዝም፤ ቱቦውን በአልኮል ጠርጎ በእጅ ካሞቁ በኋላ መለጠፍ ይበጃል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሪሞቱን ዓይን ነው። ሪሞቱ የሚሠራው በማይታይ ብርሃን ስለሆነ ትንሿ ተቀባይ ዓይን ከሽፋኑ ውጭ መቅረት አለባት። ሁሉን አሳምሮ ከዘጋ በኋላ «ሪሞቱ አይሠራም» የሚል ሰው ዓይኗን ውስጥ ቀብሯት ነው።

የዚህ አማራጭ ጥንካሬ ከተበላሸ ዲኮደር ወይም ራውተር የተረፈ የ12 ቮልት አዳፕተር ሊያገለግለው መቻሉ ነው፤ ነገር ግን እነዚህ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ የ1 አምፔር አካባቢ ስለሆኑ ስትሪፑን ወደ ግማሽ ሜትር ገደማ ማሳጠር ያስፈልጋል። መስመር ባልደረሰበት የመንዝ ቀበሌ ባለ12 ቮልት የሶላር ባትሪ ያለው ቤተሰብም ያለ አዳፕተር ሊጠቀምበት ይችላል። ባትሪው በሚሞላበት ሰዓት ቮልቱ እስከ 14 ስለሚወጣ ግን ቀን ቀን ማጥፋቱ ለዕድሜው ይበጃል። ድክመቱ ስትሪፑ በሙሉ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ መሆኑና ነጩ እውነተኛ ነጭ አለመሆኑ ነው። ሦስቱ ቀለማት ሲደባለቁ የሚሰጡት ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላ ስለሆነ ለንባብ አይመችም፤ በሱ ሥር የቀረበ እንጀራ እንኳ የአመድ መልክ ይይዛል። ለንባብም የሚያስብ ሰው ለብቻው ነጭ ኤልኢዲ የተጨመረበትን፣ አምስት ሽቦ ያለውን ስትሪፕ ይጠይቅ።

የ5 ቮልት ዩኤስቢ ስትሪፕ

ብዙዎች ለቴሌቪዥን ጀርባ ብቻ የሚሠራ አድርገው ይንቁታል። በእኔ አስተያየት ግን ለጠረጴዛ መብራት ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሜትር ርዝመት፣ በገመዱ ላይ ትናንሽ ቁልፎች ወይም ሪሞት፣ ጫፉ ላይ መሰኪያ፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። ካውያ አያስፈልግም፣ አዳፕተር መግዛት አያስፈልግም፣ በየቤቱ ያለው የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል።

ትልቁ ጥቅሙ ኃይል ሲቋረጥ ይታያል። ባለ10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ በውስጡ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ሲቀነስ 30 ያህል ይቀራል። 5 ዋት የሚወስድ መብራት በዚህ ስድስት ሰዓት ያህል ይበራል፤ ብርሃኑን ወደ ግማሽ ዝቅ ያደረገ ሰው ደግሞ እስከ ንጋት ያደርሰዋል። ፍጆታውም ትንሽ ነው፤ በየምሽቱ አራት ሰዓት ቢበራ በወር 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይቆጥራል። ብርሃኑ ክፍል አይሞላም፤ ጌጠኛ መብራት ግን ክፍል እንዲሞላ አይጠበቅም።

ነጥብ በነጥብ የሚታዘዘው ስትሪፕ

ደብሊውኤስ2812ቢ በሚል መለያ የሚታወቀው ይህ ስትሪፕ ሦስት ሽቦ ብቻ አለው፦ 5 ቮልት፣ መሬት (ኔጌቲቩ) እና የመረጃ መስመር። በእያንዳንዷ ኤልኢዲ ውስጥ የራሷ ትንሽ መቆጣጠሪያ ስላለች አንዷ ቀይ ሆና ጎረቤቷ ቢጫ ልትሆን ትችላለች። እሳት የሚመስል፣ ከታች ወደ ላይ የሚፈስ፣ እንደ ጧፍ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ማግኘት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። አንዷ ነጥብ ሙሉ ነጭ ስትሆን እስከ 60 ሚሊ አምፔር ስለምትወስድ፣ 30 ነጥቦች 1.8 አምፔር ይሆናሉ፤ ጥሩ ባለ2 አምፔር ቻርጀር ይችለዋል።

ነገር ግን ያለ አዛዥ፣ ማለትም ቀለሙን በመረጃ መስመሩ ከሚነግረው መቆጣጠሪያ ውጭ፣ አይበራም። ዝግጁ የሆነ ባለሪሞት አዛዥ ገዝቶ መሰካት አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ኢኤስፒ32 የተባለውን ትንሽ ሰሌዳ ወስዶ ደብሊውኤልኢዲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም መጫን ሲሆን፣ ይህ የራሱን ዋይፋይ ስለሚፈጥር ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ይታዘዛል። ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ፦ ስትሪፑ ላይ የተሣለውን ቀስት ተከትሎ ማገናኘት፣ በመረጃው መስመር መግቢያ ላይ ከ330 እስከ 470 ኦም የሚሆን ሬዚስተር (ጅረት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ማስገባት፣ በኃይል መግቢያው ላይ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ለአፍታ ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) ማኖር። መረጃው ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተቀባበለ ስለሚሄድ አንዷ ስትሞት ከእሷ ወዲያ ያሉት ሁሉ ይበላሻሉ ወይም ይጨልማሉ፤ የሞተችውን ቆርጦ መበየድ የማይችል ሰው መብራቱን አጣ ማለት ነው። ለተማረና መነካካት ለሚወድ ወጣት እጅግ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ለእናቱ ስጦታ ሰጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ለሚመለስ ልጅ ግን አልመክረውም።

ባለሁለት እግሯ ትንሽ ኤልኢዲ

ኃይል ሲያገኙ ራሳቸው ቀለም የሚቀያይሩ ናቸው፤ ሪሞትም ምርጫም የላቸውም። ከ5 ቮልት ለማብራት ለእያንዳንዷ የራሷን 100 ኦም ሬዚስተር መስጠት ይገባል። ፍጆታቸው 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ በመሆኑ አንድ ያልተጠበቀ ችግር ያመጣሉ፤ ብዙ ፓወር ባንኮች የሚወጣው ኃይል በጣም ሲያንስባቸው «ምንም አልተሰካም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ ሦስት ተራ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ (AA) የሚይዝ ቤት ይሻላቸዋል፤ ያኔም ቢሆን ሬዚስተሩ አይቀርም።

ሽፋኑ ምርጫውን ይለውጠዋል

ሰዎች ብርሃኑን መርጠው ሽፋኑን በኋላ ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ቅል ብርሃን አያሳልፍም፤ በትራፓኖ የተበሳው ቀዳዳ ብቻ ስለሚያበራ በግድግዳው ላይ የነጥብ ጥላ ይሠራል፤ ለዚህ አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ብርሃን እንጂ ረጅም ስትሪፕ አይስማማውም። ባለሁለት እግሯ ትንሽ ኤልኢዲ የምታምረው እዚህ ነው። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ስፌት ከሆነ በስንጥቁ መካከል ወርቃማ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀይና ብርቱካን ሲሞቁበት ሰማያዊው ግን በሣሩ ቢጫነት ተውጦ ይሞታል። ብራናም እንዲሁ ነው። ሰማያዊና ሐምራዊ የሚወድ ሰው ነጭ ሽፋን ይፈልግ።

ነጭ ጠርሙስን በብርጭቆ ወረቀትና በውኃ ዙሪያውን ፈትጎ ማደብዘዝ ይቻላል፤ ብርጭቆ ወረቀት ለስሙ የሚገባ ሥራ የሚያገኘው ምናልባት እዚህ ብቻ ነው። ፍተጋው በእርጥቡ ይሁን፤ ደረቁ ዱቄት ሳንባ ይጎዳል። በአካባቢያችን በቅርብ የሚገኝና ማንም የማይሞክረው ሌላ ሽፋን ደግሞ የመንዝ በግ ሱፍ ነው። ታጥቦ የተነደፈ ነጭ ሱፍ በሽቦ ቀፎ ላይ በስሱ ሲለበስ ደመና ይመስላል፤ ነጥብ በነጥብ የሚታዘዘው ስትሪፕ ከሥሩ ቀስ ብሎ ሲቀያየር ከሁሉም ሽፋን ይበልጣል። ሱፍ እንደ ጥጥ ባዘቶ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ቢሆንም 220 ቮልት አምፖል ከውስጡ አይገባም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ኃይል | የሥራ ክብደት | የቀለም አመራር | ኃይል ሲቋረጥ | ወጪ | የሚስማማው ሽፋን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ባለሪሞት አምፖል | 220 ቮልት | በጣም ቀላል | ሁሉም አንድ ቀለም | ይጠፋል | ዝቅተኛ | ሸክላ፣ መስታወት |
| የ12 ቮልት ስትሪፕ | አዳፕተር ወይም ሶላር | መካከለኛ | ሁሉም አንድ ቀለም | በባትሪ ይሠራል | መካከለኛ፣ ከተካፈሉት ዝቅተኛ | ትልልቅ ስፌት፣ ብራና |
| የ5 ቮልት ዩኤስቢ | ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ | ቀላል | ሁሉም አንድ ቀለም | በፓወር ባንክ ይሠራል | ዝቅተኛ | ጠርሙስ፣ ሙዳይ፣ ወረቀት |
| ነጥብ በነጥብ የሚታዘዝ | 5 ቮልት እና አዛዥ | ከባድ | እያንዳንዷ ለብቻ | በፓወር ባንክ ይሠራል | ከፍተኛ | ሱፍ፣ የደበዘዘ መስታወት |
| ባለሁለት እግር | ሦስት የሰዓት ባትሪ | መካከለኛ፣ ብየዳ አለው | ራሱ ይቀያየራል | አይነካውም | እጅግ ዝቅተኛ | የተበሳ ቅል |

ለማን የትኛው?

ለመኝታ ቤት የሚሠራ ሰው የዩኤስቢውን ይውሰድ፤ ከመተኛቱ በፊትም ቀይ ወይም ብርቱካን ላይ ያቁመው፤ ሰማያዊ ብርሃን እንቅልፍን ያርቃል። በጀቱ ከአንድ ስትሪፕ ዋጋ በታች ለሆነ ተማሪ የተበሳ ቅልና ሦስት አራት ባለሁለት እግር ኤልኢዲዎች ይበቁታል፤ ካውያ ከጓደኛ ይዋሳል። ቡና የምትሸጥ ሴት ከረከቦቷ ጎን የምታቆመው መብራት ቀኑን ሙሉ የሚበራ ስለሆነ፣ በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ የተጠመዘዘ የ12 ቮልት ስትሪፕ በብርሃኑም በጽናቱም ይሻላታል። የከሰል ጭስና ጥላሸት በጊዜ ብዛት ስለሚለብሰው ግን በሲልኮን የተለበጠውንና በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረገውን ትምረጥ። ለጥር ሰርግ የድንኳን ጌጥ የሚያዘጋጅም ከዚሁ ይምረጥ፤ በብልጭ ድርግም ስልት ግን አያብራው፤ ፈጣን ብልጭታ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። ገንዘቡም ጊዜውም ያለው፣ መብራቱ ውኃ ወይም እሳት እንዲመስልለት የሚፈልግ ሰው ነጥብ በነጥብ ወደሚታዘዘው ይሂድ፤ ሲገዛም ሁለት ሜትር ከመግዛት አንድ ሜትርና ጥሩ ቻርጀር መግዛት ይሻለዋል።

መደብሩ ውስጥ ሳሉ ዕቃውን አስበርተው ይዩት። ነጩን ይጫኑና ጫፉ ከመነሻው እኩል መብራቱን ይመልከቱ፤ የማደብዘዣውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው መንቀጥቀጡን ይፈትሹ፤ ከዚያ ነቅለው እንደገና ይሰኩት፣ ቀለሙን ማስታወሱ ወይም መርሳቱ እዚያው ይታያል። ሪሞቱ አልሠራም ብለው ከመመለስዎ በፊት ከባትሪው ሥር የወጣችውን ቀጭን ፕላስቲክ ይሳቧት፤ አዲስ ሪሞት ብዙ ጊዜ እሷን ይዞ ነው የሚመጣው። በውስጡ ያለችውን ክብ ባትሪ ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ታቃጥለዋለችና፣ ልጅ ባለበት ቤት የሪሞቱን ክዳን በናስትሮ ጠቅልለው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት።